የማይለቀው ሂና

ጀጎል ውስጥ በተከራየሁበት ግቢ የቤቱን ባለቤት ሁሉም «እማ» ይላቸው ነበር። እኔም እንደ ግቢው ሰው «እማ» አልኳቸው። ጊዜው ሚሊኒየሙ ተከብሮ ካለፈ በኋላ ነው። እማ ባላቸው የሞተባቸው፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሴት ነበሩ። እኔ ከሐረርና ከአካባቢዋ ለአንድ ጋዜጣ ዜና እልክ ነበር። በግቢው ውስጥ የሐረሪን ቋንቋ የማልችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ እኔ ስገባ ጨዋታው በትሕትና ወደ አማርኛ ይዞራል። ስወጣ ይመለሳል።

እማ የሚታወቁት ከጨርቃቸው ይልቅ በሂናቸው ነበር። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት የሐረሪን ቤት አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ጫማ ደጅ ይወልቃል። እንግዳ የሚቀመጠው ነደባ በሚባለው፣ ከወለሉ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ በሚሄደው መደብ ላይ ነው። ታች የተቀመጠ ሰው ቀና ሲል ከላይኛው ሰው ፊት አስቀድሞ የሚያየው ውስጥ እግሩን ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ስለ ሰው ውስጥ እግር አስተያየት መስጠት ነውር አይደለም።

የእማ ውስጥ እግር ሁልጊዜ በሂና የቀላ ነበር። የሌሎቹ ሴቶች ሂና ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲደበዝዝ የእሳቸውም ይደበዝዛል፤ ግራ ተረከዛቸው ላይ ያለች ሳንቲም የምታህል ቦታ ግን አትደበዝዝም። እዚያ ላይ ሂናው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አፎቻ የሚሉት የሠርግና የቀብር ማኅበር አላቸው። የማኅበሩ ሴቶች በተሰበሰቡ ቁጥር ያቺን ቦታ እያዩ ምን እንደሚቀላቅሉበት ይጠይቋቸዋል። እማ አንዳንዴ «ሎሚ ነው» ይላሉ። ሌላ ጊዜ «የከረመ ሻይ ነው» ይላሉ። አንዲት ጎረቤት አጥብቃ ስትይዛቸው «ሻይ ከቅርንፉድ ጋር» አሏት። ሴትየዋ ሄዳ ሞከረችው፤ አልሠራም። ተመልሳ መጥታ «ደብቀሽኛል» ብላ አንድ ረመዳን ሙሉ አኮረፈች። ኋላ የዚያች ሴት ወንድ ልጅ የእማን ሴት ልጅ አጨ፤ ኩርፊያውም በዚያው ቀረ።

እውነቱ ግን እማም ምስጢሩን አያውቁትም ነበር። ሂና ለሐረሪ ሴቶች ጌጥ ብቻ አይደለም። እሾህ ቢወጋቸው፣ ተረከዛቸው ቢሰነጠቅ፣ እግራቸው ቢቃጠል የሚለጥፉት ሂና ነው። እማም ተረከዛቸው ላይ ያለው ሲጠቁር መድኃኒቱ ጠለቅ ብሎ ያዘ ብለው ደስ ይላቸው ነበር። ቦታዋ እየሰፋች ስትሄድም ደስታቸው አብሮ ሰፋ።

መጀመሪያ የተጠራጠረችው ልጃቸው ናት። ከግንብ ውጭ ባለው ከተማ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። አንድ ቀን የእናቷን መስገጃ ስታጥፍ ጫፉ ላይ ደም አየች። እማ እሾህ ነው አሉ። የትኛው እሾህ ተብለው ሲጠየቁ «እሾህ ስም አለው እንዴ?» ብለው ተቆጡና ሂና ጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ ሲራመዱ ተረከዛቸውን መሬት አያስነኩም። ልጅቷ ሥራ ቀርታ፣ ባጃጅ ጠርታ፣ እየጎተተች ሊባል በሚችል ሁኔታ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሻንጣ ያዥ ሆኜ አብሬ ሄድኩ።

ወጣት ሐኪም ነበር። ተረከዛቸውን አየና በአልኮል የራሰ ጥጥ አንስቶ ያሸው ጀመር። ዳር ዳሩ ያለው ቀይ ቀለም ጥቂት ደበዘዘ። ጥቁሩ እንዳለ ቀረ።

«እናቴ፣ ይሄ ሂና አይደለም» አላቸው።

«ከሕፃንነቴ ጀምሮ ነው ሂና የምቀባው። አንተ ሂና ተቀብተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ እጠበው።»

ሐኪሙ አልተከራከረም። ከጥቁሩ ላይ ጥቂት ቆርጦ ወሰደና ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላከው። ውጤቱ ብዙ ሳምንት ቆይቶ መጣ። ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነበር። ወደ ውስጥ ጠልቆ ስለነበር እግሩ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት አለ ሐኪሙ። የብሽሽታቸውን እጢዎች በጣቱ ዳበሰና እስካሁን ያበጠ ነገር እንዳላገኘ ተናገረ። ካንሰሩ ጊዜ ከተሰጠው ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ መቁረጥም አይጠቅምም አለ።

እማ ስለ እግራቸው ምንም አልጠየቁም።

«ልጄ ላይ ይወርዳል?»

«ብዙውን ጊዜ አይወርድም።»

እማ «ብዙውን ጊዜ» የሚለውን ብቻ ይዘው ወጡ። ቤት እንደደረሱ አላስቆርጥም አሉ።

ምክንያቱን የነገሩኝ በማግስቱ ነው። የልጃቸው ሠርግ ከረመዳን በኋላ ሊሆን ተቆርጧል። ወንድማቸው እዚያው ነበር። ወንድምየው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ጫቱን ይዞ ነደባው ጥግ የሚቀመጥ፣ ከእህቱ ጋር ሲነታረክ የኖረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«በእሾህ ቁስል የሞተች ሴት፣ ልጅዋ ታገባለች» አሉ እማ። «እግሯ በካንሰር የተቆረጠባት ሴት ግን የልጅዋ ደም ይጠየቃል። ከዛሬ ጀምሮ ይሄ እሾህ ነው።»

«እሾህ ከሆነ በወረንጦ እናውጣልሽ» አለ ወንድምየው።

«አንተ መጀመሪያ ጥርስህ ውስጥ ያለውን ቅጠል አውጣ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተ ሥራ ወሬ ማጣራት ነው አይደል?»

«ነው፣ እማ።»

«ይሄን አጣራልኝ። ልጄ ላይ ይወርዳል ወይስ አይወርድም? አይወርድም ካልከኝ እግሬን እሰጣቸዋለሁ። ይወርዳል ካልከኝ እግሬን ይዤ እሞታለሁ። ብቻ እንደ ሬዲዮ አታሳምረው።»

ከዚያ በፊት ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ መንገድ ብዙ ነገር አጣርቻለሁ። የሰው እግር በመልሱ ላይ የተንጠለጠለበት ጉዳይ ግን አልነበረኝም። ለዚህም ያው የለመድኩትን አሠራር ተከተልኩ። የሚያውቅ ሰው ፈልጎ መጠየቅ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን የማያውቅ ሌላ አዋቂ ፈልጎ መጠየቅ ነው።

ወጣቱ ሐኪም የምሳ ሰዓቱን ሰጠኝ። ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ጀመረ።

«እያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ የመመሪያ መጽሐፍ ይዟል ብለው ያስቡ። ሕዋሱ ሲባዛ መጽሐፉን ይገለብጣል። ሲገለብጥ ይሳሳታል። ሚውቴሽን የምንለው ያንን ስህተት ነው። አብዛኛው ይታረማል፣ ወይም የተሳሳተው ሕዋስ ይሞታል። አንዳንዱ ስህተት ግን ‹መባዛት አቁም› የሚለው ትእዛዝ ላይ ይወድቃል።»

«ያኔስ?»

«ያኔ አያቆምም።»

ፀሐይ ያመጣው እንደሆነ ጠየቅኩት። እማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ከጥላ ጥላ ነው። ጀጎል ውስጥ መንገዱ ጠባብ፣ ግንቡ ረዥም ስለሆነ ፀሐይን ፈልጎ ካልሄዱ በቀር አያገኟትም። የውስጥ እግርን ደግሞ ጭራሽ ፀሐይ አያየውም።

«ይሄኛው የፀሐይ አይደለም» አለ። «በፀሐይ የሚመጣው የቆዳ ካንሰር ላይ ስህተቱ የፊደል ነው። ፀሐይ በየቦታው አንዱን ፊደል በሌላ ትለውጣለች። ቆዳው በነጣ ሰው ላይ ይበዛል። ውስጥ እግር ላይ የሚወጣው ግን እንደዚያ አይደለም። እዚህኛው ላይ ገጹ እንዳለ ነው የሚቀደደው። ተቀዶ ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ይሰፋል። አንዳንዱ ገጽ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተደጋግሞ ተጠርዞ ይገኛል።»

«ለምን?»

«አናውቅም።»

ይህን ሳይቸገር ስለመለሰልኝ የቀረውን አመንኩት።

«ሂናውስ?»

«ሂና አላመጣውም። የደበቀው ግን እሱ ነው።»

ዋናውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አመጣሁት። ሐኪሙ የዳቦውን ፍርፋሪ ከእጁ አራገፈ። «ስህተቱ የተፈጠረው ተረከዛቸው ላይ በነበረ ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ያውም ልጅቷ ከተወለደች ከብዙ ዓመት በኋላ ይመስለኛል። ለልጃቸው የሰጧት መጽሐፍ ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው። ሰው ከተረከዝ አይወለድም።»

«እንግዲያው ፈጽሞ አይወረስም ብዬ ልንገራቸው?»

«ፈጽሞ አይበሉ» አለ ቶሎ ብሎ። «ለሜላኖማ የሚያጋልጥ ለውጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍባቸው ጥቂት ቤተሰቦች አሉ። እነሱ ዘንድ ግን ብዙ ዘመድ ታሞ ነው የሚገኘው። በእሳቸው ወገን እንዲህ የታመመ አለ?»

ይህን ወንድምየውን ጠይቄ ነበር። አባታቸው በእርጅና፣ እናታቸው በወሊድ ሞተዋል። አንድ አጎት ከግመል ወድቋል። ሐኪሙ ግመሉን ጨምሮ ሁሉንም ከሰማ በኋላ «ቤተሰቡ ውስጥ ያለ አይመስለኝም» አለ። «ባለፈው ያልኳቸውንም አልለውጥም።»

ሁለተኛዋን አዋቂ ያገኘኋት ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ ነው። የቆዳ ስፔሻሊስት ናት። ኮሪደር ላይ እየሄደች ነው ያነጋገረችኝ፤ እኔም እየሄድኩ ጻፍኩ። ስለ ገጹና ስለ ፊደሉ ሐኪሙ ያለውን በሌላ ቃል ደገመችው። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው እግር ላይ ነው፤ የሚዘገየውም እዚያ ቦታ ላይ የሚፈልገው ሰው ስለሌለ ነው አለችኝ። የእማን ጉዳይ ስነግራት ቆመች።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ማንም ውስጥ እግራቸውን አላየም?»

«ከተማው ሁሉ አይቶታል» አልኳት። «ያደንቁት ነበር።»

ስለ ልጅቷ ስጠይቃት የተናገረችው ከሐኪሙ አንድ ቃል አይለይም፤ «ፈጽሞ» ለማለት እንቢ ማለቷ ጭምር። ከዚያ «እርስዎ እዚህ እኔን ሲያነጋግሩ እሳቸው ምን እየጠበቁ ነው?» አለችኝ። እርስዎን ነው አልኳት። ሰዓቷን አየች።

ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ወደ እማ ገባሁ። ግራ እግራቸውን ትራስ ላይ አድርገው ነበር። ልጅቷ ታች፣ ወንድምየው ጥግ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ሐኪሞች ያሉትን ከላይ እስከ ታች ነገርኳቸው። ገጽ ተቀዶ ሌላ ቦታ መሰፋቱን ስነግራቸው እማ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሰፊው ስህተት ነው» አሉ። «ጨርቁ ደህና ነበር።»

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«እንግዲያው ልጄ ላይ አይወርድም።»

«አይወርድም ብለው ያምናሉ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የሚያሳስብ ነገር አላገኙም።»

«ፈጽሞ?»

ወንድምየው ከእህቱ ጀርባ ሆኖ በዓይኑ «በል» አለኝ። አንዲት ቃል ናት። ልጅቷ አላየችኝም፤ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ፈጽሞ የሚል አላገኘሁም፣ እማ።»

«ይኸው!» አለ ወንድምየው። «አንተ ሰውዬ፣ እግሯን ልታድን ነው ወይስ ልትጽፍባት?»

«ተወው» አሉ እማ። «አታሳምር ብዬው ነው።» የእግራቸውን ትራስ አስተካከሉ። እኔ ያሰብኩት እምቢ ማለታቸው እንደጸና ነው። ልጅቷም እንደዚያው አስባ መሆን አለበት፤ ማልቀስ ጀመረች። እማ እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ።

«ሁለት የተማረ ሰው ፈጽሞ ማለት ካቃተው፣ እኔ ደብቄ ብድርሽ ማታለል ነው» አሏት። «ጨርቅ ስሸጥ ነቁጥ ካለበት ገልጬ አሳይቼ ነው። አይቶ የወሰደ አይመልስም። ለእጮኛሽ እናት ራሴ አሳያታለሁ። ከዚያ ይውሰዱሽ፣ አይውሰዱሽ፣ አላህ ያውቃል። እግሬን ግን ያኔ ያለ ኀፍረት እሰጣለሁ።»

«ባይወስዱኝስ?» አለች ልጅቷ።

«ያን ጊዜ ውሸት ሳይኖርብሽ አስተማሪ ሆነሽ ትቀጥያለሽ።»

«አልቀጥልም» አለች። «አኮርፋለሁ።»

«እሱን ከእጮኛሽ እናት ትማሪያለሽ፤ ታውቅበታለች።»

የአፎቻው ሴቶች በመጡ ቀን እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ወንድ አይገባም። የምጽፈው ልጅቷ የነገረችኝን ነው። ወንድምየው ከሌላ ሴት ሰምቶ ያመጣውም ከዚህ አይለይም፤ እሱ ያመጣው ትንሽ ጩኸት ይበዛዋል እንጂ።

እማ የላይኛው ነደባ ላይ ተቀምጠው፣ የታሰረውን ጨርቅ ፈትተው፣ ተረከዛቸውን ለልጃቸው አማት ልትሆን ወደተቀመጠችው ሴት አዞሩ። «ይሄ ሂና አይደለም። ካንሰር ነው። እግሬን ሊቆርጡኝ ነው። በልጄ ላይ አይወርድም ይላሉ፤ ፈጽሞ ግን አይሉም። አይተሽ ውሰጂ» አሉ።

የእጮኛው እናት ጎንበስ ብላ አየች።

«ለዚህ ነው እንዴ ስቀናብሽ የኖርኩት?» አለች።

አንዷ ሳቀች። ሌላዋ እሷን ለመገሠጽ ስትል ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ እማም አብረው። ሳቁ ሲያልቅ አንዲት ሴት ድንገት የራሷን እግር አዙራ አየች። ውኃና ሳሙና ተጠየቀ። የዚያን ቀን የአፎቻው ሴቶች በሙሉ ተራ በተራ እግራቸውን እየታጠቡ፣ እየፈተጉ፣ አንዷ የሌላዋን ውስጥ እግር በመስኮት ብርሃን ስታይ አመሹ። ሂና በሳሙና ስለማይለቅ ብዙም አልታየም። አንዷ ግን ጣቷ ሥር ነቁጥ አገኘችና በማግስቱ ሆስፒታል ሄደች፤ ከልደቷ ጀምሮ ያለ ማርያም የሳመችው ሆኖ ተገኘ። እሷ ሙስሊም ስለሆነች እንደዚያ ብላ አልጠራችውም፤ የጠራው ሐኪሙ ነው።

የእጮኛው እናት ስትወጣ እማን ሳመቻቸውና «ከወንዶቹ ጋር እንነጋገራለን» አለች። ሐረር ውስጥ ይህ አነጋገር እሺም ነው፣ እንቢም ነው፣ ረስተነዋልም ነው።

ሳምንት አለፈ፤ ቃል አልመጣም። ወንድምየው መልሳቸውን ሳትሰሚ እንዳትቆረጪ ብሎ ለመናቸው። እግሯ ካለ ለመደራደር ይመቻል የሚል ሐሳብ ነበረው።

«ይሄ ነገር ሽማግሌ አይቀበልም» አሉት እማ። «እነሱ እስኪነጋገሩ እሱ ብሽሽቴ ይደርሳል።» ቢስሚላህ ብለው ፈረሙና ገቡ።

የተቆረጠው እግር በሃይማኖታቸው አይጣልም። ታጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበራል። ሆስፒታሉ ለወንድምየው አስረከበው። ጨርቁን እማ አስቀድመው ከሱቃቸው መርጠው አስቀምጠው ነበር። ሁለታችን ባጃጅ ያዝን። ባለ ባጃጁ ጭናችን ላይ ያለውን ጥቅል በመስታወት እያየ «ምን ይዛችኋል?» አለ።

«እግር» አለ ወንድምየው።

«የበሬ?»

«የእህቴ።»

ባለ ባጃጁ እስከ ኤረር በር ድረስ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

መቃብሩ ከበሩ ውጭ ነው። ጠባቂው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ሁለት ወንድ ብቻችንን አንዲት ጥቅል ይዘን ስንመጣ ሕፃን የሞተብን መስሏቸው ፊታቸውን አጠቆሩልን።

«አላህ ይተካላችሁ። ሟቹ የማን ልጅ ነው?»

«ሟች የለም፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ይሄ ማነው?»

«የእህቴ እግር ነው። የእግሩ ባለቤት ሆስፒታል ተኝታ ሾርባው ጨው የለውም እያለች ነው።»

ሐጂው አሰቡበት። የእግሩ ባለቤት በሕይወት ስላለች ሰላት አይሰገድበትም አሉ። ከእማ አባት መቃብር ራስጌ አጠገብ አንድ ጥግ አሳዩንና መቆፈሪያ እንዳለን ጠየቁን። አልያዝንም ነበር። ወንድምየው እኔ ይዘሃል ብሎ፣ እኔም እሱ ይዟል ብዬ ነው የመጣነው።

ሐጂው ዶማቸውን ሊያመጡ ሲነሡ አንድ ወጣት ከበሩ በኩል እየሮጠ መጣ። ትከሻው ላይ ዶማ አለ። ጀጎል ውስጥ ስልክ የሚጠግነው የልጅቷ እጮኛ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በጣም ትናንሽ ብሎኖችን ሲፈታ ነው የማውቀው። ሰላምታ ሳይሰጠን እጅጌውን ሰበሰበና የተባለው ቦታ ላይ መቆፈር ጀመረ። መሬቱ ድንጋይ ነው። ወንድምየው እስኪደክመው ጠብቆ ጠየቀው።

«ማን ላከህ?»

«እናቴ።»

«ምን ብላ?»

ልጁ ላቡን ጠረገ። «‹የአማትህን እግር ሊቀብሩ ነው፤ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?› ብላ።»

ወንድምየው ጥቅሉን እንደያዘ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። እኔም የማይመለከተኝን አልተመለከትኩም። ጉድጓዱ ከወገብ ሲያልፍ ወንድምየው ወደ እኛ ዞረና «በቃ፣ ልጄ፤ እግር እኮ ነው፤ ለሰው ሙሉ አስመሰልከው» አለው።

«ጅብ ያወጣዋል» አለ ልጁ፤ እንደገና ዶማውን አነሣ።